በጉ የበላው ጌጥ

መስከረም 16 ቀን ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ለመስቀል የተገዛው በግ ከባሕር ዳር ታቅፌ ያመጣሁትን ተክል በላው። ትንሽ ብርሃን ያግኝ ብዬ ደጅ አውጥቼው ነበር። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ፣ ከዚያ ሁሉ እየተንዠረገገ ከሚወርድ ቅጠል የተረፈው እንደ ተላጨ አናት ቁጭ ያለ ጉቶ ነው። በጉ ደግሞ ምንም አላፈረም። አንዲት ረጅም ቅጠል ከአፉ ጥግ ተንጠልጥላ፣ እያላመጠ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

እማዬ ጩኸቴን ሰምታ ከማድቤት ብቅ አለች። እጇ ሽንኩርት በሽንኩርት ነው። አየችና መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ በጉ ነው።

«አንች፣ መርዝ አይደለም አይደል?»

ስለ ተክሉ የጠየቀ የለም።

አልሸሽግም፣ ሆድ ባሰኝ። አሁን ግን ወር አልፎት ሳስበው ጥያቄዋ ትክክል ነበር። እንዲያውም እኔ ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ። ተክል ማሳደግ የጀመርኩት ሳላስበው ነው። አንዲት ጓደኛዬ ከተማ ስትቀይር «ውኃ ብቻ አጠጭልኝ» ብላ አንድ ማሰሮ ትታልኝ ሄደች፤ ሳትመለስ ቀረች፤ ማሰሮው ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አምስት ሆኑ፣ አሁን መስኮቴ ከውጭ ሲታይ ሰው የሚኖርበት አይመስልም። ስልኬም ይህን ነቅቶብኛል። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ የፈረንጆቹን የመጸው በዓል ዝግጅት ያሳየኝ ያዘ፦ ረጅም ጠረጴዛ፣ መሐሉ ላይ ተክል በተክል፣ ጥግ ላይ ዱባ፣ ሻማ፣ ዙሪያውን ቤተሰብ። በጣም ያምራል። እውነቴን ነው፣ ያምራል። እኔም አየሁና «ዘንድሮ መስቀልን እማዬ ቤት እንዲህ ነው የማደርገው» አልኩ።

አንድ ነገር ግን ሳላስብ ቀረሁ። እነሱ አገር መጸው ማለት ቅጠል የሚረግፍበት፣ ቀኑ የሚያጥርበት፣ ብርዱ የሚገባበት ጊዜ ነው። ውጭው ሲደርቅ አረንጓዴውን ወደ ቤት ያስገቡታል። የኛ መስከረም ደግሞ ገና ከክረምት የወጣ ነው። ጭቃው ይደርቃል፣ ሰማዩ ይከፈታል፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ መስከረም ላይ አረንጓዴ ያልሆነ ነገር ፈልጉ ብትባሉ ነው የምትቸገሩት። ከጮቄ ተራራ ሥር ለምትኖር እናት አረንጓዴ ነገር በሚኒባስ ይዞ መሄድ ማለት ለጣና ዳር ሰው ውኃ በጀሪካን ይዞ እንደ መሄድ ነው።

ይህ ሁሉ የገባኝ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የታየኝ ፎቶው ብቻ ነበር።

አምስት ማሰሮ መረጥኩ። ሁለቱ ነጋዴዎቹ ስፓይደር የሚሉት፣ ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን ሆኖ መሐሉ ነጭ መስመር ያለው ነው። አንዱ ፖቶስ ነው፤ ያ ቅጠሉ ልብ የሚመስለው ሐረግ። አንዱ ሰንሰቬሪያ ነው፤ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው። አምስተኛው ከሁሉም የምወደው፣ ከዘጌ ያመጣሁት የቡና ችግኝ ነው። ዘጌ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ወደ ገዳማቱ የሚወስደው መንገድ ሙሉ በሙሉ በጫካ ቡና ውስጥ ነው። ቡና ተፈጥሮው ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ በተጣራ ብርሃን መኖር ነው። ለዚህም ነው ቤት ውስጥ የሚስማማው። ፈረንጆቹ ፍሬ እንደማያገኙበት እያወቁ ለቅጠሉ ማማር ብቻ ሳሎናቸው ያሳድጉታል። ስድስተኛ ላመጣ የነበረው ትልቁን ዲፈንባኪያ ነበር፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ ነጠብጣብ የጣለበት። ሚኒባስ ስለማይገባ ተውኩት። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተክል ይዞ ለሚሄድ ሰው የምመክረው አንድ ነገር አለ፤ ከመንገዱ በፊት ሁለት ቀን ውኃ አታጠጡ። አፈሩ ይቀልላል፣ ጭቃው ልብሳችሁ ላይ አይፈስም። እኔ አፈሩን ላይ ላዩን በጋዜጣ ሸፍኜ፣ ሦስቱን ማዳበሪያ ውስጥ አስገብቼ እግሬ ሥር፣ ሁለቱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ረዳቱ ቆሞ አየኝ።

«ይኼ ሰው ነው ዕቃ?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዕቃ ከሆነ ላይ ይጫናል። ሰው ከሆነ ይከፍላል።»

ላይ ቢጫን ነፋሱ ቅጠሉን ጠብሶ ይጨርሰዋል። ከፈልኩ። ቡናው ሙሉ መቀመጫ አገኘ፤ እንዲያውም ከኔ የተሻለ፣ በመስኮት በኩል።

ዳንግላን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ጉም ነበር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጅባራ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከሙቀት የወጣ ተክል ድንገት እንዲህ ያለ አየር ሲያገኘው ቅጠሉ ሊጠቁር ይችላል። ነጠላዬን አውልቄ ቡናውን ሸፈንኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከአዊ በኩል የተሳፈሩ ናቸው፤ ብዙ ሲያዩኝ ቆይተው፣

«ልጄ፣ መድኃኒቱ ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«መድኃኒት አይደለም እናቴ። ለማየት ነው።»

«ለማየት» ብለው ደገሙት። ሌላ ምንም አላሉም። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

የእማዬን ቤት ላሳያችሁ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ሰፊ ሳሎን፣ ወደ ምሥራቅ የሚከፈት አንድ መስኮት። መስኮቱ ትንሽ ነው። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ከራቃችሁ ቀትር ላይም ጨለምለም ይላል። ግቢው ግን ሌላ ዓለም ነው። ከአጥሩ ጥግ ኮባ አለ፤ የዳቦ። ድፎ የሚጋገረው በሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው፤ የደቡብ ሰው ግንዱንና ሥሩን ፍቆ ቆጮ የሚያደርገውን እኛ ለቅጠሉ ብቻ እናኖረዋለን። ከኮባው ቀጥሎ ጌሾ። ከጌሾው ቀጥሎ ግራዋ፤ የጠላ ጋን የሚታጠብበት። የጉድጓዱ ዳር ጠጅ ሳር። ከማድቤቱ ኋላ በሶብላና አሪቲ። በሩ አጠገብ፣ የዘይት ጣሳ ውስጥ፣ ጤና አዳም። ያቺ ጣሳ እኔ ልጅ ሳለሁም ነበረች፤ ማስታወቂያው ለቅቆ ዝገት ብቻ ቀርቷታል።

አዩልኝ ይህንን። እናቴ ጓሮ ውስጥ ሥራ የሌለው ተክል የለም። ስማቸውን ስትጠራ እንኳን ከነሥራቸው ነው፤ «የዳቦው»፣ «የጋኑ»፣ «የቡናው» እያለች።

እኔ ማሰሮዎቼን አንድ በአንድ ሳወጣ ዝም ብላ ተመለከተች። ቡናው ላይ ስትደርስ ፊቷ በራ። «ይኼማ ሰው ነው» አለች። ቅጠሉን በአውራ ጣቷ ጠረግ አደረገችው። ሰንሰቬሪያውን ስታይ ግን «ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

«ምንም አያደርግም እማዬ፣ ቤት ያሳምራል።»

«እሽ» አለች። የጎጃም እናት «እሽ» ስትላችሁ መስማማቷ እንዳይመስላችሁ።

15 ቀን ማታ ሳሎኑን አደራጀሁ። ስፓይደሮቹን ከፍ አድርጌ፣ አንዱን ብፌ ላይ፣ አንዱን ቴሌቪዥኑ አጠገብ። ፖቶሱን ከግድግዳው ላይ በሚስማር አሳልፌ በአባቴ ፎቶ ዙሪያ አዞርኩት። ሰንሰቬሪያውን የበሩ መግቢያ ላይ። ቡናውን ጠረጴዛው መሐል። ራቅ ብዬ አየሁት። ስልኬ ላይ ያየሁትን ይመስል ነበር። አሥራ አምስት ያህል ፎቶ አነሳሁ።

እማዬ ገባች። ዙሪያውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ማንሳት ጀመረች።

መጀመሪያ ጠረጴዛው። «መሶቡ የት ሊቀመጥ ነው?» ቡናው ወደ መስኮት ሄደ። ቀጥሎ ሰንሰቬሪያው። «አክስትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ከበሩ ስትገባ በምን ተደግፋ ነው? በጎራዴው?» ሰንሰቬሪያው ወደ ጓዳ ሄደ። ብፌው ላይ ያለው ስፓይደር ስኒ የሚወጣበትን በር ስለዘጋ ወረደ። የቀረው ፖቶሱ ነው። እሱ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። የአባቴን ፎቶ አየችው። ሐረጉ ከቀኝ ትከሻው ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ዞሮ በግራው ይወርዳል። ብዙ ቆየች። «ይኼስ ይሁን» አለችና ወጣች።

እንግዲህ የተባረረው ስፓይደር ነው በማግስቱ ጠዋት ደጅ የተቀመጠው። የቀረውን ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ መርዙ ልመለስ። ስፓይደር መርዝ የለውም። በግም ይብላው፣ ድመትም ትንከሰው፣ ልጅም አፉ ውስጥ ይክተተው፣ ችግር የለም። ፖቶስ ግን እንዲህ አይደለም። ቅጠሉ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፣ እንደ መርፌ የሾለ ደቃቅ ክሪስታል አለ፤ የነከሰው አፉና ጉሮሮው ይቃጠላል፣ ያብጣል። ዲፈንባኪያም ያው ነው፤ እንዲያውም እሱ ይብሳል፤ ለጊዜው ድምፅ እስኪዘጋ ድረስ ምላስ ያሳብጣል። ያ ሚኒባስ ያልገባልኝን ትልቁን ማለቴ ነው። ገብቶ ቢሆን ደጅ የማወጣው እሱን ነበር፤ ምክንያቱም ለጓዳውም አይመችም። በዓሉ ላይ ደግሞ በግ ብቻ አይደለም ያለው። የወንድሜ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ የምትቀምሰው። ለበዓል ቤታችሁን በተክል የምታስጌጡ ሰዎች፣ ቅጠሉ ማማሩን ከማየታችሁ በፊት እናቴ የጠየቀችውን ጠይቁ። ሐረግ የሆነውን ከፍ አድርጉት። የማታውቁትን ከልጅ እጅ አርቁት።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተክሌ ግማሹ በበግ ሆድ፣ ግማሹ ጓዳ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ተኮሳትሬ እማዬ ምን እንደምታደርግ አየሁ። እሷም ቤት እያስጌጠች ነበር። ለካ ሁልጊዜም ታስጌጣለች፤ እኔ ማስጌጥ ብዬ አልጠራሁትም እንጂ።

ከገበያ ቄጠማ መጥቷል፣ በእቅፍ። ሥሩ ላይ ገና ጭቃ አለ፤ ረግረግ ረግረግ ይሸታል። አሪቲና ጠጅ ሳር እየቆረጠች ከሱ ጋር ትቀላቅላለች፤ ነገ ጠዋት ነው የሚጎዘጎዘው፣ ማታ ከተጎዘጎዘ ይጠወልጋል። አደይ አበባውን ልጆቹ ከሜዳ ለቅመው አምጥተዋል። እኔ በበኩሌ ባለፈው ዓመት አደይን ከነሥሩ ነቅዬ ማሰሮ ውስጥ ተክዬው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን አንገቱን ደፋ፣ በሦስተኛው ሞተ። ከሜዳው ሲነቅሉት አይወድም። እማዬ ግን የታችኛውን ቅጠል በሙሉ ትመለምላለች፣ ጫፉን ትቆርጣለች፣ ባልዲ ውስጥ አንገቱ ድረስ ውኃ ነክራ ጨለማ ውስጥ ታሳድረዋለች። በማግስቱ እንደተቀጠፈ ነው የሚሆነው። ይህን ማን አስተማራት ብዬ ጠየቅኋት። «ሽሮ መሥራት ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

እና እዚያ ደረጃው ላይ አንድ ነገር ታየኝ። የሷ አረንጓዴ የሚቀመጠው የሰው እግር ሥር ነው፤ ወይም እጅ ውስጥ፤ ወይም አፍንጫ አጠገብ። የኔ አረንጓዴ ግን ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ይዞ፣ እዩኝ እያለ ቁጭ ያለ ነው። እኔ ያመጣሁት አምስት እንግዳ ነው፤ እሷ ደግሞ 20 ሰው ጠርታለች። ቦታ አልበቃም፣ በቃ።

ተነሣሁ። ሌላ ነገር ልሞክር አልኩ።

ከቤቱ ኋላ ቂጡ የተሸነቆረ አሮጌ ማሰሮ ተጥሎ ነበር። ለወጥ አይሆንም፤ ለተክል ግን ከዚህ የተሻለ የለም፣ ውኃው የሚወጣበት ቀዳዳ ከነነፍሱ አለው። ብዙ የቤት ተክል የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። በተለይ የኛ ጥቁር ዋልካ ውኃ ከያዘ አይለቅም፣ ከደረቀ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል። ለዚህ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ አደባልቄ ማሰሮውን ሞላሁት። ከጠጅ ሳሩ ጉንጉን አንድ ጭብጥ ከነሥሩ ከፍዬ ተከልኩበት። ጠጅ ሳር በዚህ አያስቸግርም፤ ተከፍሎ የሚባዛ ነው። ጫፉን በመቀስ ከረከምኩት። ማሰሮውን የት ላስቀምጠው? ሰንሰቬሪያው የተባረረበት በር ላይ፤ ግን አክስቴ ከምትደገፍበት ግድግዳ ሌላኛው ወገን፣ ሰው ሲገባ ቀሚሱ ብቻ በሚነካው ቦታ።

ጤና አዳሟን ጣሳ አጠብኳት፤ ዝገቷን በግራዋ ፈተግሁ፣ አዲስ አልሆነችም ግን ቀይ ሆነች። ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ቡናው መስኮቱ ላይ እንዳለ ቀረ። የተረፈው ስፓይደር ቴሌቪዥኑ ጎን ከፍ ብሎ ቆየ። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩለት፤ በአንድ ሌሊት ብቻ የማድቤቱ ጥላሸት ለብሶ ነበር። ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ ተክል ካላችሁ ቅጠሉን ጥረጉ፤ ብርሃን የሚያየው በሱ ነው።

እማዬ መጥታ አየች። ማሰሮውን ስታይ «እሱ የጣልኩት አይደለም እንዴ?» ብላ ሳቀች። «እሽ» አላለችም። ይህ ድል ነው።

በማግስቱ ቤቱ ሞላ። ግንባራቸው ላይ የደመራ አመድ ምልክት ያለ፣ ነጠላቸው ጭስ ጭስ የሚል ሰዎች፣ አንድ በአንድ «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ ገቡ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የማየው ቀሚሳቸውን ነው። ቀሚስ ጠጅ ሳሩን ይነካል፤ ሽታው ብድግ ይላል፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ሳታስበው በረጅሙ ትተነፍሳለች። አክስቴ ጉልበቷን ይዛ ገባችና ቆም አለች። «ምን ሸተተኝ?» አለች። ወደ ታች አየች። ጎንበስ ብላ አንዱን ቅጠል ቆረጠችና በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው። እስክትሄድ ድረስ እጇ ላይ ነበር።

ጎረቤታችን ያሉት መሪጌታም መጡ። የተረፈውን ስፓይደር ቀና ብለው ብዙ አዩት፤ «ይኼ ደግሞ ሳይታጨድ የገባ ቄጠማ ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የጎጃም የቅኔ ሰው አንድ ተክል አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ከዚያ ወሬው ወደ ጽጌ ሄደ። መስቀል ባለፈ በ9ኛው ቀን፣ መስከረም 26 ጽጌ ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5፣ 40 ቀን። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት የሚታሰብበት፣ አበባ በሷ የሚመሰልበት፣ መሪጌታም ሌሊቱን ማኅሌት የሚቆሙበት ወቅት። «አንች ከፈረንጅ አበባ ስትፈልጊ እኛ 40 ቀን ሙሉ አበባ ስንዘምር እንከርማለን» አሉኝ። ተቆጥተው አይደለም። የጠላውን ዋንጫ ይዘው፣ እየሳቁ ነው።

ቡና ተፈላ። ዕጣን ተጨሰ፣ ከሰሉ ቀላ፣ ቤቱ ጉም መሰለ። የወንድሜ ሚስት እያሳላት «አንች፣ ተክል አየር ያጠራል ይሉ የለ?» አለችኝ። ይህን እኔም አምን ነበር። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ የናሳ ጥናት ነው። ግን ያ ሙከራ የተሠራው ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ሥራ የቀደሙትን ሙከራዎች አንድ ላይ ሰብስቦ ሲያሰላ፣ ተክል በር ተከፍቶ የሚገባውን አየር ያህል ለመሥራት ለአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ማሰሮ እንደሚያስፈልግ ደረሰበት። በእማዬ ሳሎን ልክ አስቡት፤ እንግዳው ሁሉ ደጅ ሊያድር ነው። ይህን ሁሉ ለምራቴ አልነገርኳትም። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ቡናውን ትንሽ ገፋ አድርጌ።

እና የጤና አዳሟ ጣሳ። መጀመሪያ እማዬ አንድ ቅንጣቢ ቆርጣ ስኒ ውስጥ ጣል አደረገች። ቀጥላ አክስቴ። ቀጥለው መሪጌታ። በሦስተኛው ስኒ ላይ ሰው ራሱ እጁን እየሰደደ መቀንጠብ ጀመረ። ልጆቹም ገቡበት። አመሻሽ ላይ ሳይ፣ ከዘይት ጣሳዋ የቀረው ጉቶ ነው። ልክ እንደ ስፓይደሬ። በጉም እንግዳውም ያደረጉት አንድ ነገር ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ በዚህኛው እማዬ ደስ ብሏታል። «አይ፣ በደንብ ተጫወቱ» አለች ጣሳዋን እያየች።

በማግስቱ ቄጠማው ተጠርጎ ወጣ። ጠውልጎ፣ ዳቦ ፍርፋሪና የፈንዲሻ ቅንጣት ተቀላቅሎበት። እኔ ሁልጊዜ ያቺን ጠዋት አልወዳትም፤ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ዘንድሮ ግን ቄጠማው ከወጣ በኋላም የቆመ አረንጓዴ ነበር። ቡናው መስኮቱ ላይ። ፖቶሱ አባቴ ላይ። እማዬ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመችና «እነዚህ አይሄዱም?» አለች። አይሄዱም አልኳት። እንዳትረሳ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ቡናውን ቀጥታ ፀሐይ አይምታው፣ ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በፊት ፍሬ አትጠብቂ፣ ብርድ ሲሆን ከመስኮቱ አርቂው። ሰንሰቬሪያውን በሳምንትም አታጠጭው፣ ብትረሽው ይወድሻል። ፖቶሱ ሲረዝም ቋጠሮ ካለበት ቆርጠሽ ውኃ ውስጥ አድርጊው፣ ሥር ያወጣል።

የመጨረሻዋን ነው የያዘችው።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ለአንድ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ደርሼ ነበር። ከመኪና ወርጄ ወደ ሰፈራችን ስገባ የጎረቤታችን መስኮት ላይ አንድ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ አየሁ፤ ውስጡ ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ነጭ ሥር፣ ከላይ ሁለት ልብ የመሰለ ቅጠል። ቀጣዩ ቤት ላይ ደግሞ በጆግ። መሪጌታ ዘንድ በተቆረጠ የሃይላንድ ላስቲክ፣ ከፍ ብሎ፣ ልጆች እንዳይደርሱበት። እማዬ አድላዋለች። «ምን ያደርጋል ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት። «ይሰጣል» አለች።

ያ በጉ የበላውን ስፓይደር ግን ሳልጥለው ከጓዳው በር ሥር ትቼው ነበር የሄድኩት። ተስፋ ቆርጬ ስለነበር ውኃ አጠጭ እንኳን አላልኳትም። የስፓይደር ሥር እንደ ትንንሽ ድንች ወፍራም ነው፤ ውኃና ምግብ እዚያ ያጠራቅማል፣ ላይኛው ቢታጨድም ሥሩ ካለ ይመለሳል። ይህን አውቅ ነበር፤ ንዴት አስረሳኝ እንጂ። ባለፈው እሑድ እማዬ ደወለች። ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ዝናቡ መቆም ካወራን በኋላ፣ ልትዘጋ ስትል፣

«ያ የበጉ» አለች፣ «አቆጥቁጧል።»